ከውቤ በረሃ እስከ ካዛንቺስ፦ የአዲስ አበባ የድሮ ቡና ቤቶችና ክለቦች ምን በላቸው?

የፒያሳ ልጅ

ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን ከአንድ ወዳጄ ጋር ድራፍት ይዘን እየተጫወትን «አዲስ አበባ ናይት ክለብ ያወቀችው ቦሌ ሲያድግ ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ። ሰውየው ደግሞ የአራዳ ልጅ ነኝ ባይ ነው።

ውቤ በረሃስ? ደጃች ውቤ ሰፈር በ1950ዎቹ እኮ ሌሊት የማይተኛ ሰፈር ነበር። ሰው አንድ ቤት ገብቶ አይቀመጥም። እዚህ አንድ ቢራ፣ እዚያ አንድ ቢራ፣ እየዞረ ያነጋል። ፓትሪስ ሉሙምባ የሚባል ቡና ቤት ነበር። አስቡት፣ ኮንጎ ነጻ በወጣች ሰሞን እዚህ በሉሙምባ ስም ይጠጣ ነበር። ከዚያ አሪዞና ክለብ አለ። ዙላ አለ። ቬነስ አለ። ራስ ሆቴል የራሱ ባንድ ነበረው። እነዚህ ሁሉ ቦሌ ገና ሜዳ በነበረ ጊዜ ነው።

ጥያቄዬ፦ እነዚህ ቤቶች እንዴት ጠፉ? የእኔ መልስ አጭር ነው። ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ አለቀ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ በእድሜ የደረሳችሁበት ካላችሁ ጻፉልን።

ቦሌ ቡልቡላ

እኔም እንደ ጓደኛህ ነበር የማስበው 😅 አሪዞና የሚባል ክለብ አዲስ አበባ? እየቀለድክ ነው?

ቪኒል ሰብሳቢ

ቀልድ አይደለም ወንድሜ። አሪዞና ባይኖር ማህሙድ አህመድን ላናውቀው እንችል ነበር።

ማህሙድ የመርካቶ ልጅ ነው። ሊስትሮ ሰርቷል። በኋላ አሪዞና ክለብ ገብቶ የጉልበቱንም የጥገናውንም ሥራ ይሠራ ነበር። የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚያመሹት እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ማታ ዘፋኙ ሳይመጣ ቀረ። ማህሙድ ልሞክር አለ። ሞከረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚህ ወሬ ውስጥ ሰው የማያስተውላት አንድ ነገር አለች። የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኛ ማለት እኮ ወታደር ነው። ደሞዙ ከመንግሥት፣ መሣሪያው የመንግሥት፣ የደንብ ልብሱ የመንግሥት። በዚያ ዘመን ባንድ ማለት የተቋም ባንድ ነው። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ጦር ሠራዊት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ሀገር ፍቅር። በግል ባንድ አቋቁሞ በየክለቡ መጫወት የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ይህ መላላት የጀመረው ከታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ነው። ሙከራውን የመራው ክቡር ዘበኛ ስለሆነ ጣጣው ለሙዚቀኞቹም ተረፈ። ጥላሁን ገሠሠም ታስሮ ነበር። ክቡር ዘበኛ የድሮው ክቡር ዘበኛ መሆኑ ቀረ። ሙዚቀኛው ቀስ በቀስ ዓይኑን ወደ ሆቴልና ወደ ክለብ አዞረ። የራስ ባንድ መጣ፣ ሌሎችም ተከተሉ። እኔ የአዲስ አበባን የክለብ ዘመን የምቆጥረው ከዚያ ጀምሮ ነው።

የሸክላውም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሙዚቃ ማሳተም የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሥልጣን ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ጥሶ አምሃ ሬከርድስን ከፈተ። የዓለማየሁ እሸቴን የመጀመሪያ ሸክላ ያወጣው እሱ ነው። ያ ሸክላ ደግሞ የት ይሰማል? ሬዲዮ ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየቡና ቤቱ ጁክቦክስ፣ ሳንቲም ሲገባበት ሸክላ በሚያጫውተው ማሽን፣ ውስጥ ነው። ቡና ቤቱ ለሙዚቃው ገበያ ነበር።

ጡረተኛው አስተናጋጅ

ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ይህን ነገር የምታሳየኝ የልጅ ልጄ ናት። እኔ እየነገርኳት እሷ ትጽፋለች።

የፒያሳ ልጅ ያልከውን አንብቤያለሁ። ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ አለቀ ብለሃል። አላለቀም። እኔ በዚያ ዘመን አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ። ስሙ ይቅር። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ እኛም «እንግዲህ እንጀራችን ተዘጋ» ብለን ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ማንም አይወጣም። ውጭ ከተያዝክ ጣጣ ነው። ስለዚህ ሰው አስቀድሞ ይመጣል። ከመጣም እስኪነጋ ነው። ባንዱም አብሮ ይቆያል፣ የት ይሄዳል? ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው የሚደንሱ ሴቶች አይቻለሁ። ባልየው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ያንኮራፋል፣ ሚስትየው ከጓደኞቿ ጋር ትደንሳለች። ወደ ንጋት ላይ ወጥ ቤቱ እንቁላል ፍርፍርና ሻይ ያወጣል። ሲነጋ ሁሉም ፊቱን ታጥቦ፣ ከረባቱን አስተካክሎ፣ በቀጥታ መሥሪያ ቤቱ።

በእኛ አቆጣጠር በ1969 እና በ70፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ ግን ሌላ ነበር። ውጭ ጥይት ይሰማል። ሁላችንም እንሰማለን፣ ማንም አያወራውም። ባንዱ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። ይህን ለማንም ሳወራ አላመነኝም፤ እናንተም ባታምኑ አልቀየማችሁም።

ሰዓት እላፊ ትልልቁን ሆቴል አልገደለውም። የገደለው ትንሹን ቤት ነው። ውቤ በረሃ የሚያምረው በመዞር ነው፣ ልጁ ራሱ እንዳለው። ሌሊት መዞር ከተከለከለ ውቤ በረሃ ምን ይቀረዋል? አንድ ክፍልና ሦስት ባለጌ ወንበር ያለው ቤት ሰው ይዞ ማሳደር አይችልም። ሆቴል ግን ምግብ አለው፣ መኝታ አለው፣ ሰፊ አዳራሽ አለው።

የፒያሳ ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለልጅ ልጅዎም ምስጋና። እንዲህ ያለውን ነገር የትም አናገኘውም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፦ በዚያ ዘመን ሆቴል ገብቶ የሚያመሸው ማን ነበር? ገንዘቡስ ከየት ይመጣ ነበር?

ጡረተኛው አስተናጋጅ

ነጋዴ አለ። የኤምባሲ ሰው አለ። የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ አለ። ካድሬም ነበር፤ ቀን ስለ ቡርዧ ሲያወግዝ የዋለው ማታ ውስኪ በበረዶ ያዛል። ጉርሻ ግን ጥሩ ይሰጡ ነበር፣ አልዋሽም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

የጋሼን ጽሑፍ ሳነብ ፀጉሬ ቆመ። ምክንያቱም ይህንኑ ታሪክ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ሲናገር ሰምቻለሁ። ዋልያስ ባንድ በሂልተን ሲጫወት በሰዓት እላፊው ምክንያት እስኪነጋ ድረስ ነበር የሚሠሩት።

ኃይሉ መጀመሪያ ዙላ፣ ከዚያ ቬነስ ሠርቷል። ዋልያስ ወደ ሂልተን የገባው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡትን በመሣሪያ ብቻ የተቀናበረ ሥራ ስሙትማ። ያ ሙዚቃ የሚጣደፍ አይደለም። በእርግጥ ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ያለበት ባንድ እንዲህ ነው የሚጫወተው ብዬ አምናለሁ። ማንም የሚቸኩል የለም፣ በሩ ተዘግቷል።

በ1981 (በፈረንጁ) አሜሪካ ለመጫወት መጡና ከፊሎቹ ቀሩ። ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። አምሃ እሸቴም እዚሁ ዋሽንግተን ሬስቶራንትና ክለብ ከፍቶ ነበር። ስለዚህ «ቤቶቹ የት ገቡ» ለሚለው አንዱ መልስ ዋሽንግተን ገቡ ነው። በእኛ ወጣትነት የዋሽንግተኑ ሰፈር አዳምስ ሞርገን ቅዳሜ ማታ ከወጣህ አማርኛ እየሰማህ ነው የምትሄደው።

ቪኒል ሰብሳቢ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሂልተን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከተመሠረተ ስድስት ዓመት በኋላ። እነዚያ ሆቴሎች ለኛ ሳይሆን ለእንግዳ ነው የተሠሩት፤ ስብሰባ ለሚመጣው፣ ለዲፕሎማቱ። ግን ባንዱ የኛ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 1966 አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ የተቀበለውና አብሮት የዋለው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ከሦስት ወር በኋላ የካቲት ገባ፣ አብዮቱ ፈነዳ። የዘመኑ ጫፍና መጨረሻ ሦስት ወር ነው የሚለያያቸው።

ራስ ሆቴልም እንዲሁ አይታለፍ። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ ያረፈው ራስ ነው። አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል ይጫወት ነበር። የማህሙድን የ1975 (በፈረንጁ) ዝነኛ ሥራ ያጀቡት እነሱ ናቸው።

ካዛንቺስ ነኝ

ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን ልብ ብላችኋል? እስካሁን ስማቸው የተጠራው በሙሉ ወንዶች ናቸው። ዘፋኙ ወንድ፣ ባንዱ ወንድ፣ አሳታሚው ወንድ። ቡና ቤቱ የማን ነበር?

የሴት ነበር። የውቤ በረሃ ነገር ሲነሣ የአሰገደች አላምረው ስም የሚነሣው ለዚህ ነው። እሷ ስሟ ተረፈ። የሌሎቹ አልተረፈም።

አያቴ ካዛንቺስ ቡና ቤት ነበራት። ከገጠር የመጣችው ከመጀመሪያ ባሏ ሸሽታ ነው። ጎጃም ውስጥ በ13 ዓመቷ ነበር የዳሯት። አዲስ አበባ መጥታ መጀመሪያ የሠራችው ሌላ ሴት ቤት ውስጥ ነው። ምን እንደሠራች ታውቃላችሁ፣ ማድበስበስ አልፈልግም። ከዚያ እቁብ ገባች። ባንክ ለእንደሷ ዓይነት ሴት አያበድርም። እቁቡ ሲደርሳት ቤት ተከራየች፣ ቆይታ ቤት ገዛች።

ፊት ለፊት ያለው ክፍል ቡና ቤቱ ነው። ባንኮኒ፣ ከኋላው መደርደሪያ፣ አራት ባለጌ ወንበር፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ረጅም አግዳሚ። ጁክቦክሱ የሷ አልነበረም። ባለቤቱ በየሳምንቱ ይመጣና ሳንቲሙን ባንኮኒው ላይ ዘርግፈው ቆጥረው ይካፈላሉ። እናቴ ልጅ ሆና ያንን ሳንቲም በአስር በአስር እየደረደረች ነው መቁጠር የተማረችው።

ከሁሉም የቀረን የዱቤ ደብተሯ ነው። አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ የምትጽፍላት አንዷ ሠራተኛዋ ናት። ሰዎቹ በስማቸው አልተጻፉም። «ረጅሙ ሻምበል»፣ «የቴሌው»፣ «መነጽር»፣ «የአስቴር ወዳጅ»፣ «ያ ዝምተኛው»። ከፊታቸው ጭረት አለ፤ አንድ ጭረት አንድ ቢራ። የከፈለ ይሰረዝለታል። «መነጽር» ሳይከፍል የቀረ ነው፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ጭረቱ አለ።

አሁን ወደ ጥያቄው። ሰዓት እላፊው ጎድቷታል፣ ጋሼ እውነታቸውን ነው። ግን ሰዓት እላፊ ይነሣል። የማይነሣው አዋጅ ቁጥር 47 ነበር። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አያቴ ከጓሮ አራት ክፍል ሠርታ ታከራይ ነበር። ቡና ቤቱ ያለትርፍ የሚቆመው በዚያ ኪራይ ነው፤ ቢራ ብቻውን ቤት አይይዝም። አራቱም ለቀበሌ ገቡ። ፊት ለፊቱን ክፍል ይዛ ቀረች። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሠራተኛዋን አሰናበተች፣ ጁክቦክሱም ሄደ፣ ቤቱ ቀስ እያለ ጠላ ቤት ሆነ።

በየሰፈሩ እንዲህ ነው የሆነው። ቤቶቹ በአንድ ሌሊት አልተዘጉም። ባለቤቶቹ ደኸዩ።

የፒያሳ ልጅ

እህቴ ካዛንቺስ፣ ይህን ጽሑፍሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። አዋጅ 47ን ሰው የሚያነሣው ስለ ባላባትና ስለ ትልልቅ ባለ ፎቅ ነው። ቡና ቤት ከዚህ ጋር ይገናኛል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስለኝም።

እውነት ይነገር

ሁላችሁም በናፍቆት ሰክራችኋል። ቡና ቤት ምን ነበር? ከገጠር የመጣች ሕፃን ልጅ ገላዋን የምትሸጥበት ቤት ነበር። ቀይ አምፖል በሩ ላይ። ባለቤቷ ሴት ሆነች አልሆነች ምን ይለውጣል? ከልጅቷ ገንዘብ ትወስዳለች። የአባለዘር በሽታው፣ ድብድቡ፣ በምሽት የተጣለው ልጅ የት ሄደ? ሙዚቃው ደስ ስላለ ብቻ ቅርስ አይባልም።

ካዛንቺስ ነኝ

ያልከው ነገር ውስጥ ውሸት የለም። ሠራተኞቹ ከኋላ ክፍል ነው የሚኖሩት፣ የክፍሉን ይከፍላሉ፣ ማታ ሰው ይዘው ከወጡ ለቤቱ የሚሰጥ አለ። አያቴ ደግ ነበረች ብዬ አላውቅም፤ እናቴ ስትነግረኝ ምላሷ ስለት ነበር። አርፍዳ የመጣችን ሠራተኛ ትቀጣለች።

ግን አንተ ባልከው ምክንያት ነው መጻፍ ያለበት። ስለ ቅርስ ያወራ ማንም የለም። እነዚያ ሴቶች ግብር ይከፍሉ ነበር፣ ልጅ ያስተምሩ ነበር፣ ዘመድ ከገጠር አምጥተው ያኖሩ ነበር። ካዛንቺስ ስንት ቤት የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ እናቱ ምን ትሠራ እንደነበር ሳይናገር ኖሮ ሞቷል። ሃፍረት ነው ታሪኩን የበላው።

አወያይ

ሰላም ሁላችሁም። ክሩ በጣም ጥሩ ነው፣ እንዲቀጥል እንፈልጋለን። አንድ ማሳሰቢያ፦ በየቡና ቤቱ የሠሩ የግል ሰዎችን ስም አትጻፉ። ትናንት አንድ መልስ አጥፍተናል። ልጆችና የልጅ ልጆች አሉ።

ቦሌ ቡልቡላ

እኔ ዘመኔ የ1990ዎቹ ስለሆነ ስለሱ ልጻፍ። እናንተ ስለ ዙላና ቬነስ ስታወሩ እኛም የራሳችን ድሮ አለን 😄

ኢሉዥን፣ አምባሳደር ጋር። ሜሞ። ኮንኮርድ ሆቴል ዶም። ሸራተን ጋዝላይት፣ ግን እሱ ጫማ የሚያይ በረኛ ነበረው፣ ስኒከር ካደረግክ አትገባም። እኛ አንድ ጥሩ ጫማ ለሦስት ነበረን። አንዱ ገብቶ ዞሮ ይወጣል፣ ሁለተኛው መኪና ውስጥ ጫማውን ይቀይራል። መኪናው ደግሞ የጓደኛችን አጎት ላዳ ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ሳይገባ ያድር ነበር። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

ከዚያ የመሸታ ቤቶቹ ሰፈር ቼቺኒያ። ስለ ቼቺኒያ «እውነት ይነገር» ያለው ሁሉ ይሠራል፣ አልጨምርበትም።

የኛዎቹን ደርግ አልዘጋቸውም። ኪራይ ነው። ቤቱ ፎቅ ይሆናል፣ ፎቁ ባንክ ይሆናል። በ2011 የወጣው አዋጅ 1112 ትምባሆን ከቤት ውስጥ አስወጣ፣ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወጣ። ኮንሰርቱን ስፖንሰር የሚያደርገው ቢራ ፋብሪካው ነበር፣ እሱ ሲያጥር ባንዱም አጠረ። መጋቢት 2012 ላይ ደግሞ ኮቪድ። ክለቦች ዝጉ ተባለ። የተዘጉት ሁሉ ተመልሰው አልተከፈቱም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሦስተኛው ሰው 😂😂 ቦሌ ቡልቡላ ቀኔን አበራኸው።

ቪኒል ሰብሳቢ

ቦሌ ቡልቡላ ኪራይ ያልከው ከካዛንቺስ ነኝ ጽሑፍ ጋር ይገጥማል። እዚህ ክር ላይ ሰው ሁሉ ስለ ሙዚቃ ሊያወራ ገብቶ ስለ መሬት እያወራ ነው የሚወጣው።

እኔ የማስታውሰው የጣይቱ ሆቴልን ነው። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት፣ የሀገራችን የመጀመሪያው ሆቴል። ጃዛምባ የሚባለው የጃዝ ክለብ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ግሩም መዝሙርና ባንዱ አዲስ አኩስቲክ የ1950ዎቹን ዜማ በአኮርዲዮንና በማንዶሊን ሲጫወቱ የሰማሁት በዚያ ነው። የእንጨት ወለል፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ድምፁ ወደላይ ወጥቶ ተመልሶ ይመጣል። ከኮንክሪት ክለብ ጋር አይወዳደርም። ጥር 3 ቀን 2007 እሳት ተነሣና ያ አዳራሽ ሄደ።

ከደርግ መውደቅ በኋላ ደግሞ የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ነበሩ። ይህን ጋሼ በደንብ ያውቁታል ብዬ አስባለሁ። ሰዓት እላፊው ሲነሣ መጀመሪያ የተነሣው ትልቅ ባንድ አልነበረም። አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ዘፋኝ፣ ከተቻለ አንድ ከበሮ። ወጪ የለውም። አዝማሪው በር ላይ አይቶህ ትገባለህ፣ ገና ሳትቀመጥ ስለ ሸሚዝህ ይዘፍንብሃል። ፈንድቃ ከነዚያ አንዱ ነው። መላኩ በላይ ድሮ እዚያው ቤት በጉርሻ ይጨፍር የነበረ ልጅ ነው፤ በኋላ ቤቱን ራሱ ያዘው፣ ስሙ ዓለምን ዞረ። 2017 ላይ ካዛንቺስ ሲፈርስ ያ ቤት አልተረፈም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2016 የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል።

ካዛንቺስ ነኝ

ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ በኋላ ባለፍኩ ቁጥር የት እንደቆምኩ ይጠፋኛል። ምልክት የነበረው ሁሉ ሄዷል። መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራቱ ያምራል፣ ብስክሌት መንገድ አለው። ግን የቱ ቤት የት እንደነበር ለልጄ ማሳየት አልችልም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በሁለቱም ሰፈር ብዙው የቀበሌ ቤት ነበር። የቀበሌ ቤት ተከራይ ንብረት የለውም፣ ምትክ ይሰጠዋል እንጂ የቤቱን ዋጋ አይጠይቅም። የአያቴ አራት ክፍል በ1967 የቀበሌ ባይሆን ኖሮ በ2017 ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።

እውነት ይነገር

በዚህኛው እስማማለሁ። ግን እነዚያ ቤቶች ውስጥ ሰው እንዴት ይኖር እንደነበርም አይቻለሁ። አንድ ሽንት ቤት ለ12 አባወራ። የሚያሳዝነኝ ቤቱ መፍረሱ አይደለም፣ ማንም ሳይመዘግበው መፍረሱ ነው። አንድ ሰው ካሜራ ይዞ በየቤቱ ቢዞር ምን ነበረበት?

ጡረተኛው አስተናጋጅ

ስለ አዝማሪ ቤቱ ቪኒል ያልከው ልክ ነው። አንድ የተረሳ ግን አለ። የቀበሌ መዝናኛ!

በደርግ ጊዜ ትንንሹ ቡና ቤት ሲዳከም ሰው የት ሄደ? ሁሉም ሂልተን አይገባም። ቀበሌው የራሱን መዝናኛ ከፈተ። ቢራው ርካሽ ነው። የብረት ጠረጴዛ፣ ቴኒስ፣ ዳማ፣ በምሽት ቴሌቪዥን። ቀበሌው ደግሞ የኪነት ቡድን አለው። የሰፈር ልጆች ቀን ስለ አብዮት ይዘፍናሉ፣ ማታ እዚያው መዝናኛ ውስጥ የጥላሁንን ይዘፍናሉ። ስንት የኋላ ዘፋኝ ከቀበሌ ኪነት ነው የወጣው። ይህን እንደ ክለብ የሚቆጥረው የለም፣ ስሙ ስለማያምር ነው። እኔ ግን ከሆቴሉ ሥራ ስወጣ የምጠጣው እዚያ ነበር። በገዛ ሆቴሌ አንድ ቢራ የግማሽ ቀን ደሞዜን ይበላል።

የፒያሳ ልጅ

የቀበሌ መዝናኛ! ጋሼ እውነት ነው፣ አባቴ ቼዝ የለመደው እዚያ ነው። አንዳንዱ እስካሁን አለ እኮ። ቦሌ ላይ አንድ ድራፍት በሚጠጣበት ዋጋ እዚያ ከነጥብሱ ትበላለህ።

እሺ፣ ካርታ እንሥራ የሚል ሐሳብ አለኝ። ውቤ በረሃ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ካዛንቺስ፣ ለገሃር ቡፌ ዴ ላ ጋር አካባቢ፣ ራስ ሆቴል፣ ከዚያ የቦሌዎቹ። የሚያስታውስ ሰው የቤቱን ስም፣ ከምን አጠገብ እንደነበር፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ ይጻፍ። ሁለት ሰው የተስማማበትን ብቻ ካርታው ላይ አስቀምጣለሁ። ጭቅጭቁን እዚሁ እንጨርስ።

ቪኒል ሰብሳቢ

እኔ ከሸክላ ሽፋኖች ላይ የባንዶቹንና የክለቦቹን ስም ለቅሜ አመጣለሁ። ካዛንቺስ ነኝ፣ የዱቤ ደብተሩን አንድ ገጽ ፎቶ አንስተሽ ብትለጥፊልን? ቅጽል ስሞቹ ብቻ ስለሆኑ አወያይም የሚቃወም አይመስለኝም።

ካዛንቺስ ነኝ

እናቴን አስፈቅጄ። «መነጽር» ያለበትን ገጽ ግን እለጥፋለሁ። በሕይወት ካለ ወይም ልጆቹ ካሉ ዕዳው 31 ቢራ ነው 😄

አወያይ

ቅጽል ስም ይፈቀዳል። ካርታው በተለየ ክር ይከፈት፣ ከላይ እንሰካዋለን። ስለ ቼቺኒያ የተጀመረው ክርክር ወደ ሌላ ክር ተዛውሯል፣ እባካችሁ እዚያ ተሰዳደቡ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ ከዚያ ሆቴል ያነሡት ፎቶ አለዎት? ባንዱን ወይም ሠራተኞቹን?

ጡረተኛው አስተናጋጅ

አለ። የአዲስ ዓመት ዋዜማ የተነሣነው ነው። የልጅ ልጄ ቅዳሜ በስልኳ ታነሣዋለች። ነጭ ኮት ለብሰን ከባንዱ ኋላ ቆመናል። ትሪ የያዘው እኔ አይደለሁም፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ቀጭኑ ነው። ፂም የነበረኝ ጊዜ ነው፣ አትሳቁ።